የማታው ሰውዬ

ይጣራ የሚባለው ሰውዬ ውሃ ሊጠጣ የእህቱን ፍሪጅ ሲከፍት፣ በበሩ ውስጥ እንቁላል በሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ የዓይን ጠብታ ካርቶኖች ተደርድረው አየ። ባዶዎቹን ለምን አትጥላቸውም ብሎ አንዱን አነሳ፤ ባዶ አልነበረም። ሌላውን አነሳ፤ ያም ሙሉ ነው። አፋቸው ላይ ያለው ማሸጊያ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ጥፍር አልነካውም። እነዚህ ጠብታዎች በየወሩ መጀመሪያ እሱ ራሱ ተሰልፎ የሚገዛቸው፣ ሙቀት እንዳያገኛቸው በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ በአውቶቡስ የሚያመጣቸው ናቸው። ዋጋቸውም ትንሽ ትንሽ እያለ ስለወጣ፣ ሚስቱ ፊት ሙሉውን መጥራት ከተወ ሰንብቷል። "ውሃውን አገኘኸው?" አለችው እህቱ ከወዲያኛው ክፍል፣ ጫማዋን እያሰረች። "አገኘሁት፣ እትዬ" አለ። ካርቶኖቹን እንደነበሩ ደረደረ፤ የፍሪጁን በር በዝግታ ዘጋ፤ ውሃውን ግን አልጠጣም።

እትዬ በብዙ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር፤ ሱሪውን አጥፋ የሰፋችለት፣ እግሩ ሲረዝም ደግሞ እጥፋቱን ፈትታ ያስረዘመችለት እሷ ናት። እንጀራዋም ከዚያው ከመርፌና ከክር ጋር ሆኖ ቀረ። አንዲት ልጇ ሌላ ከተማ አግብታ ከሄደች ወዲህ ብቻዋን የምትኖረው ሁለት ክፍል ውስጥ ነው፤ የፊተኛው ሱቅም ሳሎንም ነው፤ የስፌት መኪናው፣ መስተዋቱ፣ ደንበኞች ለክተው ያልወሰዷቸው ልብሶች፣ ሁሉም እዚያ ተጨናንቀው ይኖራሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጥቁር ጨርቅ አልቀበልም ማለት ጀምራለች። ደንበኞቿን "ጥቁር ለሐዘን ነው፣ እኔ ቤት ሐዘን አላስገባም" ትላቸዋለች፤ እነሱም ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ይጣራም ስቆ ነበር። ዛሬ ግን በሩን ስትቆልፍ ቆሞ አያት። ቁልፉ ቀዳዳውን ስቶ ጎኑን ነካ፤ እንደገና ሳተ፤ ከዚያ በግራ አውራ ጣቷ ቀዳዳውን ፈልጋ፣ ቁልፉን በጣቷ ላይ አንሸራታ አስገባችው። እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ እጇ ይናገራል። "ምን ትገተራለህ? የክሊኒኩ ወረፋ ያመልጠናል" አለችው።

ይጣራ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ በመሥሪያ ቤት የወጣለት ነው። የሚሠራው የውሃ ቆጣሪ በሚመረመርበት ክፍል ውስጥ ነው። ቆጣሪዬ ይዋሻል የሚል ደንበኛ ሁሉ ቆጣሪው ይነቀልና እሱ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። እሱም የታወቀ መጠን ያለው ውሃ ያሳልፍበታል፣ ቆጣሪው ያለውን ያነባል፣ ሁለቱን ያስተያያል። ደንበኛው እየማለ ሲገዘት፣ አለቃው "ቶሎ ጨርስልኝ" ብሎ ሲቆጣ፣ ከእሱ አፍ የምትወጣው ያቺው አንዲት ቃል "ይጣራ" ስለሆነች፣ ውላ አድራ ስሙ ሆና ቀረች። አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪው እውነተኛ ነው፤ የሚዋሸው ሽንት ቤት ውስጥ ሲያንጠባጥብ የሚያድረው ቧንቧ ነው። ንባቡን ራሱ በስልክ መስመር የሚልክ አዲስ ቆጣሪ የመጣ ጊዜ ከማንም በላይ የጨፈረው እሱ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ዝም እንደሚል ከማንም በፊት አውቆ ያጉረመረመውም እሱ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚወደው ነገር የሳይንስ ወሬ ነው። መውደዱን ግን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሲያወራ የሚሰማው ሰው ጠላቱ ይመስለዋል። ባትሪ በደቂቃ ተሞላ ሲሉት "ላቦራቶሪ ውስጥ ወይስ ኪሴ ውስጥ?" ይላል። ሮቦት ልብስ አጠፈ ሲሉት "ቪዲዮው ስንት ቦታ ተቆርጧል?" ይላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐኪሞችን በለጠ ሲሉት "የትኞቹን ሐኪሞች? ሌሊቱን ተረኛ ሆነው ያደሩትን?" ይላል። ቸኮሌት ለልብ ጥሩ ነው ሲባል ገንዘቡን ለጥናቱ የከፈለው ማን እንደሆነ ሳያውቅ አይተኛም። ነገር ግን ሰው የማይወደውን ነገር እንዲህ አይከታተልም። አንዲት መንኮራኩር ከስንት ዓመት ጉዞ በኋላ የሩቅ ፕላኔት ፎቶ የላከች ቀን፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ ሲያለቅስ ተገኝቷል፤ የፅዳት ሠራተኛዋ ሰው የሞተበት መስሏት "እግዜር ያጥናህ" ብላዋለች።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወሬውን የሚሰማው ማታ ነው፤ የሚያጣራው ጠዋት ነው። ማታ፣ ከሥራ ደክሞ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ስልኩን ሲከፍት፣ አንድ ነገር ያገኝና ፊቱ ይበራል፤ ከወንበሩ ይነሳል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ ካንሰር አለቀለት፣ የባሕር ውሃ ጣፈጠ፣ ሽባ ተነስቶ ሄደ ይላል። ጠዋት ደግሞ ከምንጩ ሄዶ ያነባል፤ አንብቦም ሻዩን ሳይጨርስ "ግን" ይላል። ሚስቱ በዚህ ላይ የቆየ ቀልድ አላት። "እኔ ያገባሁት ሁለት ባል ነው። የማታው ሰውዬ ዓለምን ሁሉ ያድናል፤ የጠዋቱ መጥቶ አንድ በአንድ ይቀብራቸዋል" ትላለች። ቤተሰቡ ሁለቱንም ለምዷቸዋል። እትዬ ግን እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መጥታ እራት በልታ በመጨረሻው አውቶቡስ ትመለሳለች። እሷ የምታውቀው የማታውን ሰውዬ ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ይህን ያሰበው ወደ ክሊኒኩ በሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ እሁድ ማታ ስለ አንዲት አይጥ አውርቶ ነበር። የዓይን ነርቭ አንዴ ከሞተ ሞተ፣ አይመለስም የሚባለውን ነገር፣ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ መልሰው አበቀሉት፤ ዓይነ ስውር የነበረች አይጥ ብርሃን ለየች። ያን ማታ እንዴት እንዳወራ ያስታውሳል። ተነስቶ ነበር፤ በእጁ ሲያሳይ ብርጭቆ ገፍቶ ጥሏል። እትዬ ከወዲያ ሆና አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ "ለሰውም ይሆናል?" እሱም አፉን ሞልቶ "ይሆናል! ጊዜ ነው እንጂ ይሆናል!" አላት። በማግስቱ ከምንጩ አነበበው። አይጦቹ ጥቂት ናቸው፤ ነርቫቸው የተጎዳው ሆን ተብሎ፣ በዚያው ሰሞን ነው፤ ለየች የተባለው ብርሃንም ብርሃን ከመባል ጥላ ቢባል ይቀርበዋል። ይህን ለሚስቱ ተናገረ፤ ለሥራ ባልደረቦቹም ተናገረ። ለእህቱ ግን አልነገራትም። በሚቀጥለው እሁድ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ስትገባ ግን እንደዚያ ደስ ብሏት ስላያት ስለ ሌላ ነገር አወራ።

"ጠብታውን ታደርጊያለሽ አይደል?" አላት አሁን፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። "አዎ" አለች። "ማታ ማታ?" "ማታ ማታ።" አልተንተባተበችም። እህቱ ስትዋሽ የሚያውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እናታቸው የሞተች ጠዋት "ተኝታ ነው፣ አትረብሻት" ያለችው ቀን። አጠገባቸው የቆመች ሴት ቦርሳ በቀኝ በኩል የእትዬን ፊት ሊመታ ሲል እትዬ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም፤ አላየችውማ። ይጣራ ቦርሳውን በእጁ ያዘ። ሴትየዋ ሌባ መስሏት ነጠቀችው።

የዓይን ክሊኒኩ መቀበያ በሰው ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ የአገልግሎት ዋጋ ተለጥፏል፤ የድሮው ዋጋ ላይ አዲስ ወረቀት፣ በአዲሱም ላይ ሌላ ወረቀት። ከላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ አንድ ሮቦት ደረጃ ይወጣል። ከጎናቸው አንድ ዓይኑ በፋሻ የተሸፈነ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ እሱም ወሬ አጥቶ ኖሯል። "ከእንግዲህ እኮ ዓይን በስልክ ካሜራ ይመረመራል አሉ፣ ሰልፍም ቀረ" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ለይጣራ የሠርግ ጥሪ ነበር። ዛሬ ግን ድካም አፉን ያዘው፤ "ይላሉ" አለ ብቻ። እትዬ ሳቅ አለችና "እሱን በማታ ነው መጠየቅ አባቴ፤ በማታ ሁሉም ነገር ይሆናል" አለችው ለሽማግሌው። ይጣራ ዞር ብሎ አያት። እሷ ግን ደረጃ የሚወጣውን ሮቦት ለማየት አንገቷን ሙሉ በሙሉ አዙራ ነበር።

ስሟ ሲጠራ የገባችው መጋረጃ ወዳለበት ጨለማ ክፍል ነው። ውስጡ ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ማሽን አለ፤ አገጭን አስደግፎ መሃሉ ላይ አፍጥጦ ማየት ነው፤ በሳህኑ ውስጥ እዚህም እዚያም ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር በእጅ የያዙትን ቁልፍ መጫን ነው። ይጣራ ማሽኑን ያውቀዋል። ስለ እሱ አንብቧል፤ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ሕመም፣ ሰው የሚያየውንና የማያየውን እንዲህ ለይቶ ካርታ ማውጣቱ ከሚያደንቃቸው ነገሮች አንዱ ነው። ከመጋረጃው ውጭ ወንበር ሰጡት። ቁልፉ ሲጫን ቀጭን ድምፅ አለው፤ ጠቅ ይላል። መጀመሪያ ግራ ዓይኗ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ አልፎ አልፎ እያነከሰ ቢሆንም ይሄዳል። ከዚያ ወደ ቀኙ ተዛወሩ። ጠቅ አለ። ከዚያ ዝም። ይጣራ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ማሽኑ አልቆመም፤ በውስጡ የሆነ ነገር ሲዞር ይሰማል፣ ብርሃኑም ብልጭ እያለ መሆን አለበት። ጠቅ። ደግሞ ዝም። ዝምታው በረዘመ ቁጥር የይጣራ የገዛ አውራ ጣት ጉልበቱ ላይ ይጫን ጀመር፤ ጫኚው እንጂ፣ ጫኚው እትዬ፣ እያለ። ባለሙያዋ ከውስጥ "እናቴ፣ አልተኙም አይደል?" ስትላት ሰማ። "አልተኛሁም" አለች እህቱ። "እየጠበቅሁ ነው።"

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ብዙ ሰው አይታ የደከማት ትመስላለች። ከማሽኑ የወጣውን ካርታ ካለፈው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ያለፈው ላይ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ የነበረው ጥቁረት አሁን ወደ መሃል ገብቷል፤ የቀኝ ዓይኗ ካርታ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነው። ለማንበብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። "የዓይንዎ ግፊትም ጨምሯል" አለች ሐኪሟ። "እናቴ፣ ጠብታውን በየቀኑ እያደረጉ ነው?"

"በየቀኑ" አለች እትዬ።

"ሳያቋርጡ?"

"ሳላቋርጥ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች። "እንግዲያው መድኃኒቱ አልያዘልዎትም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው የሚቀረን፤ እሱም የራሱ አደጋ አለው፤ ዓይኑን ጨርሶ ሊያጠፋውም ይችላል። ግን እንዲህ በፍጥነት እየሄደ ዝም ብለን አናየውም" አለች። እትዬ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ ያዘች። ለይጣራ እህቱን በሰው ፊት ዋሽተሻል ማለት፣ ያውም ያሳደገችውን፣ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእነሱ መካከል ይህን ያህል ያለመተማመን የለም፤ ቢኖርም አይነገርም። ዝም ቢል ደግሞ በወጉ ያልተሞከረ መድኃኒት አልሠራም ተብሎ እህቱ ቢላዋ ስር ልትገባ ነው። በሕይወቱ ሙሉ በጠረጴዛው ላይ ስንት ሺህ ቆጣሪ ሲያጣራ እንዲህ ከብዶት አያውቅም። ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች።

"አላደረገችውም" አለ። ድምፁ ከሚገባው በላይ ጎላ። "ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው። እንደታሸገ። ዛሬ ጠዋት አየሁት።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አቆመች። እትዬ ወደ ወንድሟ አልዞረችም፤ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። "ብዙ ሰው ያደርገዋል" ብላ የጻፈችውን ሰረዘች። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን በጠብታው ሊያዝ እንደሚችል፣ ግራ ዓይኗ ገና ብዙ እንዳለው፣ ዛሬውኑ ማታ መጀመር እንዳለባት፣ ቀዶ ጥገናው ለጊዜው ይቆይ ዘንድ በሚቀጥለው ወር እንደምታያት ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "እርስዎ ወንድም ነዎት? ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል፤ እርስዎም መታየት አለብዎት" አለችው። ይጣራ "እኔ እንኳ ደህና ነኝ፣ አጥርቼ ነው የማየው" ብሎ ሊነሳ ሲል፣ እትዬ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። "ይጣራ" አለች፣ ለሐኪሟ። "እሱም ይጣራ።" ሐኪሟ ስሙን የጠራች መስሏት "አቶ ይጣራ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለችው። ተቀመጠ። አገጩን ብረቱ ላይ አስደገፈ፤ ሰማያዊው ብርሃን ወደ ዓይኑ መጣ። "ደህና ነዎት" አለችው ሐኪሟ ቆይታ፤ እሱም በመደሰቱ እህቱ ፊት አፈረ።

ከክሊኒኩ ወጥተው ረጅም መንገድ በእግር ሄዱ። በቀኟ በኩል ሊሄድ ሞከረ፤ ሰው እንዳይገፋት። እሷም ምክንያቱን ስላወቀች ፍጥነቷን ጨመረች። ከማቆሚያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ሲደርሱ ግን ራሷ ገብታ ወንበር ሳበች፤ እሱም ተከትሎ ተቀመጠ። ሻዩ መጣ። ስኳሩን እሱ ጨመረላት፣ እሷ አማሰለችው። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ስትወለውል ሁለቱም ጨርቁን አዩ።

"ሰው ፊት አዋረድከኝ" አለችው።

"ጠብታውን ያስተወሽ ያ የአይጥ ወሬ ነው አይደል?" አላት እሱ። ስለ ማዋረዱ ሊከራከራት አልፈለገም። "እትዬ፣ ያ ነገር እንዳልኩሽ አይደለም። በማግስቱ አንብቤው..."

"አውቃለሁ" አለችው። "ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። ለሚስትህ ለሌላ ጉዳይ ስደውልላት፣ 'አይጧን ደግሞ ዛሬ ጠዋት ገደላት' ብላ ነገረችኝ።"

ይጣራ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ጠዋት ፍሪጁን ከከፈተ ጀምሮ በሆዱ ይዞት የዞረው ጥፋት ሌላ ነበር፤ ግማሹን ነግሬያት ግማሹን አስቀርቼባታለሁ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሆነብኝ የሚል። አሁን ያ ጥፋት ከእጁ ወጣ፤ የተካው ግን የባሰ መሰለው። "ካወቅሽ ታዲያ ለምን?" አላት። እትዬ ሻይዋን ጠጣች፤ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ሳህኑን በጣቷ ፈልጋ ነው።

"ያ ጠብታ ያቃጥላል" አለች። "ማቃጠሉን እችለዋለሁ። መርፌ ስንት ዓመት ወግቶኛል። ግን ምንም አያሻሽልም። ከዚያች ሐኪም ልጅ አፍ ነው የሰማሁት፣ አያድንም፣ ባለበት ያቆመዋል እንጂ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አንጋጥጬ ስጨምረው፣ እየታወርኩ ነው፣ እየታወርኩ ነው ብዬ ለራሴ የምናገር ነው የሚመስለኝ። በየቀኑ። እስክሞት። አንተ ያን ቀን ያን ስታወራ ሳልጨምር ተኛሁ። እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደተኛሁ ብነግርህ! በማግስቱም ደገምኩት።"

"ከነገረችሽስ በኋላ?"

"አንተ አልነገርከኝም እኮ" አለችው። "ሚስትህ ትቀልዳለች። እኔ አንተን ጠበቅሁ። እሁድ እሁድ እመጣለሁ፤ አንተ ስለ ባትሪ ታወራለህ፣ ስለ ሮቦት ታወራለህ፣ ስለ አይጧ አንድ ነገር አትልም። በአፉ ካልሻረው ቆሟል ማለት ነው አልኩ። ውሸት መሆኑን አጥቼው መሰለህ? አንተ ቤት የምመጣው ለእራቱ ነው እንዴ? ያ ፊትህ ሲበራ ማየቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ኮሌታ ስገለብጥ ከርሜ፣ አንድ ሰው ነገ ደህና ይሆናል ብሎ ከልቡ ሲናገር መስማት ነው። የጠዋቱን ሰውዬ ምን ላድርገው? የጠዋቱ እኔም ቤት ሞልቷል።"

ይጣራ ሊነግራት የሚችለው ብዙ ነገር ነበር፤ ሳይንስ የሚባለው ነገር ዋናው የጠዋቱ ሰውዬ ነው፣ ያ ምንም አያሻሽልም ያለችው ጠብታም ስንትና ስንት ሰው ሲጠራጠርና ሲያጣራ ኖሮ የተገኘ ነው፣ ማቆሙ ራሱ ተአምር ነው ሊላት ይችል ነበር። እውነት ነው። ማቆም የሚባለው ነገር ግን በየትኛውም ዜና ላይ ርዕስ ሆኖ አይቶት አያውቅም፤ እሱ ራሱም ስለ ማቆም ከወንበሩ ተነስቶ ብርጭቆ ጥሎ አያውቅም። አስቦት ደከመው። የሻዩን ሒሳብ ከፈለ፤ አውቶቡሱ ሲመጣም ክንዷን ያዛት፤ እሷም አልተወራጨችም።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ከስፌት መኪናው ላይ ወርዳ ወለሉ ላይ ደርሳ ነበር። ይጣራ ያረጀውን ጠብታ ትቶ ሰሞኑን የገዛውን ከፈተ፤ እጁን በሳሙና ታጠበ። እትዬ ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። ከላይ ሆኖ ሲያያት ፊቷ ሌላ ሰው መሰለው፤ ከስር ወደ ላይ ሲያየው ያደገ ፊት ነውና። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቱ ሳብ አደረገ። ክርኑን ጎኑ ላይ አጣበቀ።

"ቆይ" አለችው። "ያ የአይጧ ነገር። አሁን ፊቴ ላይ ንገረኝ። ለእኔ ይደርሳል?"

ምሽቱ እየቀረበ ስለነበር ነው መሰል፣ የማታው ሰውዬ ጉሮሮው ድረስ መጣ። አስር ዓመት ምንድን ነው ሊል፤ ገንዘቡ እየፈሰሰበት ነው፣ ማን ያውቃል፣ ትላንት የማይሆን የነበረው ስንቱ ዛሬ ሆኗል ሊል። ሁሉንም ሊል ይችል ነበር፤ ከልቡም ይለው ነበር። ዓይኗ ከታች አፍጥጦ የሚበራውን ፊቱን ይፈልጋል።

"አይደርስልሽም፣ እትዬ" አላት።

ከውጭ አንድ ሰው በር ላይ የቆመ መኪና ሊያስነሳ ይታገላል። "ለልጄስ?" አለች።

"አላውቅም። እሷም መጥታ ትታይ።"

"በል ጨምር።"

የመጀመሪያው ጉንጯ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ገባ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ፣ "ይሄን የሠራው ሰውዬ እጁ ይቆረጥ" አለች፤ ከዚያም እርግማኑ ከብዶባት ነው መሰል "አይ፣ አይቆረጥ" ብላ መለሰችው። ይጣራ ግራውንም ጨመረላት። ጉንጯን በመሐረብ ጠረገላት። ለረጅም ጊዜ እንደጨፈነች ተቀመጠች፤ ያንቀላፋች መስሎት ቀስ ብሎ ጃኬቱን ሲያነሳ ድምፁን ሰማችው።

"ነገም መጥተህ አድርግልኝ" አለችው። "ለእኔ ከተውከው እተወዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።"

ከመሥሪያ ቤቱ እዚህ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ ከዚህ ቤቱ ደግሞ ሌላ ሁለት፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ያለው ሰልፍ ሌላ ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከዚያም ወዲያ።

"እሺ" አላት። "እመጣለሁ።"